ፌሮ

በዕቁቡ ደብተር ጀርባ፣ ከስም ዝርዝሩ ማዶ፣
ኮምፒውተሬን ገጣጠምኩት፣ ቦርሳዬ ገና ባዶ።
«ማዘርቦርድ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት፤
ሌላው ሁሉ ይለወጣል፣ እሱ ግን መሬቱ ነው፣ ሁሉ የሚቆምበት።

ነስሩ ነው የመከረኝ፣ ፖስታ ቤት ጥግ ካለች ጠባብ ሱቁ፣
አራት ብሎን በከንፈሩ ይዞ፣ እያወራ ሳይወድቁ፦
«ፓወር ሰፕላይ ላይ እንዳትሰስቺ፣ ዛሬ ቢተርፍም ዋቱ፤
ካርዱን የቀየርሽ ለታ ይገባሻል ምክንያቱ።
ባለ አራት ቀዳዳ ቦርድ ያዢ፤ ራሙን ሁለቱ ላይ ሰክተሽ
ሁለቱን ባዶ ተዪው፣ ለከርሞ ቀን ቀጥረሽ።
ማይኩን ደግሞ ውዱን ግዢ፣ የጓሮ ድምፅ የማያስገባ፤
ሰው ጨዋታሽን ብሎ እንጂ ለዶሮሽ ብሎ አልገባ።»

ሌሊት ሌሊት ሆቴል ነኝ፣ እንግዳ መቀበያው ላይ፣
ለስብሰባ የመጣ ሁሉ ቁልፉ ሲጠፋው እኔን ሊያይ።
ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኮሪደሩ ጭር ሲል ዋጋ አወዳድራለሁ፤
ዶላሩ አንድ ደረጃ ሲወጣ፣ ካርዴን በዝርዝሩ አንድ ደረጃ አወርዳለሁ።

ኳስ ነው የማሰራጨው። እስካሁን በስልክ ነው።
በአማርኛ ጀምሬ በኦሮምኛ እስቃለሁ፤
ጎል ሲገባብኝ ግን በሁለቱም እሳደባለሁ።

አዳማ ነው። ሚያዝያ ነው። ግድግዳው በሌሊት ይፋጃል፤
እንኳን ካርድ፣ የኔስ ራስ ያለ ፋን መች ያስባል?
ስለዚህ ኬዙ ግንባሩ ወንፊት፣ ሦስት ፋን ከፊት፣ አንድ ከኋላ፣
በየሳምንቱ የሚታጠብ፣ አቧራው ሳይሞላ።
ኮረብታው ላይ እነዚያ ነጫጭ ክንዶች ይዞራሉ፣
ነፋሳችንን ሽቦ ውስጥ ከትተው ወዴት እንደሚሰዱት እነሱ ያውቃሉ፤
የኛ ሰፈር ስሙ መብራት ኃይል ነው፣
ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ግን ሻማ ነው የምንጠራው።
ዩፒኤስ፦ አሥራ አምስት ደቂቃ፤
ተመልካቼን «ደህና እደሩ» ለማለት የሚበቃ።

ፌራዮ ነው አባቴ፣ ሠላሳ ዓመት ብረት ያጎበጠ፣ ያሰረ፣
የሰው ፎቅ ሲያወጣ የራሱ ቤት ምድር ላይ የቀረ።
ሶሌታችን ላይ ስድስት ዓምድ፣ ከያንዳንዱ አራት ፌሮ
ወደ ሰማይ ቆሟል፣ ከተወለድኩ ጀምሮ።
«ሁለተኛው ፎቅ» ይለዋል። እናቴ ልብስ ታሰጣበታለች፤
ዋኔም አንዱ ጥግ ጎጆዋን ሠርታለች።

አንድ እሁድ ደብተሩን አየው፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ፣
ያልሞላሁትን ሳጥን በወፍራም ጣቱ ከልሎ።
«ይሄስ ምንድነው?»
«ባዶ ነው። ገንዘብ ሲገኝ ሌላ ካርድ ይገባበታል።»
«ይሄኛውስ፣ ፓወር ያልሽው፣ ስንት ይሸከማል?»
«ሰባት መቶ ሃምሳ ዋት።»
«ዛሬ ስንቱን ትጠቀሚያለሽ?»
«ግማሹን እንኳ አልነካም።» ሳቀ። «ልክ ነሽ።
መሠረት ላይ የቆጠበ ፎቁን አያየውም።»

አባቴ መሠረት ላይ አልቆጠበም፤ ፎቁን ግን አላየውም።
ይህን ሁለታችንም እናውቃለን፤ ማናችንም አላልነውም።

ከዚያ እርሳሴን ተቀበለኝና፣ ብረት በሚለካበት ጽሕፈቱ፣
«ካርድ፦ መስከረም» ብሎ ጻፈ ከሳጥኑ በስተ ምሥራቁ።
«ስሚ» አለኝ፣ «ፌሮን ዝም ብለሽ ብትተዪው ዝናብ ይበላዋል።
ቀን ካልቆረጥሽለት
ዝገት ራሱ ቀን ይቆርጥልሻል።»

በማግስቱ ከሥራ ስገባ፣ ፀሐይ ገና ሳትከር፣
የእናቴን ልብስ ሰብስቦ ሶሌታው ላይ ነበር፣
በሽቦ ብሩሽ ፌሮውን ይፈገፍጋል፤
አንቲረስቱ በቆርቆሮ አጠገቡ ተከፍቶ ይጠብቃል።
የዋኔዋን ጥግ ብቻ ዘልሎታል።

አልጠየቅሁትም። ገባሁ፤ ደብተሩን ገለጥኩ።
«ማይክ፦ ውዱ» የሚለውን ሰረዝኩ።
ርካሹ ይሁን።
የብሩሹ ድምፅ ቢገባ፣ ይግባ።